በፕሮቴዝ የሚነቁ ተቀባዮች

በፕሮቴዝ የሚነቁ ተቀባዮች (በአጭሩ ፓር) በሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኙ፣ ፕሮቲን በሚቆርጡ ኤንዛይሞች ሲቆረጡ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች ናቸው። በሰው አካል ውስጥ አራት ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ እነሱም ፓር1፣ ፓር2፣ ፓር3 እና ፓር4 ይባላሉ። በደም መርጋት፣ በቁስል መዳን፣ በብግነት፣ በሕመም ስሜትና በማሳከክ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

አብዛኞቹ ተቀባዮች የሚነቁት ሆርሞን ወይም ሌላ ሞለኪውል ከውጭ መጥቶ ሲጣበቅባቸው ነው። በፕሮቴዝ የሚነቁ ተቀባዮች ግን የሚያነቃቸውን ቁራጭ በራሳቸው አካል ላይ ደብቀው ይዘዋል። ኤንዛይሙ የሚሠራው መሸፈኛውን መቁረጥ ብቻ ነው። አንዱ ተቀባይ በተለያዩ ኤንዛይሞች በተለያየ ቦታ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ በሕዋሱ ውስጥ የሚነሣው ምላሽም ይለያያል። አንዳንድ ጊዜ ምላሾቹ ፍጹም ተቃራኒ ይሆናሉ፤ አንደኛው ኤንዛይም የደም ሥርን ግድግዳ ሲያሳሳ ሌላው ያጠብቀዋል።

መሠረታዊ ቃላት

ፕሮቴዝ፦ ፕሮቲንን የሚቆርጥ ኤንዛይም ነው። ምግብ የሚፈጨው ትሪፕሲንና ደም የሚያረጋው ትሮምቢን የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው።

ተቀባይ፦ ከሕዋስ ውጭ ያለን ለውጥ አውቆ ወደ ውስጥ የሚያሳውቅ ፕሮቲን ነው።

ጂ-ፕሮቲን፦ ከሕዋስ ሽፋን በታች ተቀምጦ ከተቀባዩ መልእክት የሚረከብ ፕሮቲን ነው። በርካታ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ የተለያየ የኬሚካል መንገድ ይከፍታል።

ቤታ-አረስቲን፦ የነቃ ተቀባይን ከጂ-ፕሮቲን የሚያለያይ ፕሮቲን ነው። ከዚህ በተጨማሪ ራሱን የቻለ መልእክት ማስተላለፍ ይችላል።

ፕሌትሌት፦ የደም ሥር ሲቆረጥ ተጣብቆ ቀዳዳውን የሚደፍን ኑክሊየስ የሌለው ጥቃቅን የደም ሕዋስ ነው።

የግኝቱ ታሪክ

ትሮምቢን ፋይብሪኖጅን የተባለውን የደም ፕሮቲን ቆርጦ ወደ ፋይብሪን ክር እንደሚለውጥ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ይኸው ኤንዛይም ፕሌትሌቶችንም በኃይል ያነቃል። ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባው አንድ ፕሮቲን ቆራጭ እንዴት እንደ ሆርሞን ሆኖ ሕዋስን ሊያዝ እንደሚችል ነበር።

መልሱ በ1991 እ.ኤ.አ. ተገኘ። በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሾን ኮግሊን የምርምር ቡድን የሰውን የትሮምቢን ተቀባይ ጂን ለይቶ አወጣ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሃምስተርን ተመሳሳይ ተቀባይ አስታወቁ። የአሚኖ አሲዱ ቅደም ተከተል ሲነበብ ትሮምቢን የሚቆርጠው ቦታ በተቀባዩ ጫፍ ላይ በግልጽ ታየ። ይህ ተቀባይ በኋላ ፓር1 ተባለ።

ፓር2 በ1994፣ ፓር3 በ1997፣ ፓር4 ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ታወቁ። የፓር1፣ የፓር2 እና የፓር3 ጂኖች በሰው 5ኛ ክሮሞዞም ላይ ሲገኙ የፓር4 ጂን በ19ኛው ላይ ይገኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. ፓር1 ቮራፓክሳር ከተባለ መድኃኒት ጋር እንደተያያዘ ሆኖ የሦስት አቅጣጫ ቅርጹ ታተመ። የፓር2 ቅርጽ በ2017 እ.ኤ.አ. ተከተለ።

ቅርጽና የአነቃቅ ሂደት

እነዚህ ተቀባዮች ከጂ-ፕሮቲን ጋር የሚሠሩ ተቀባዮች ቤተሰብ አባላት ናቸው። የፕሮቲኑ ሰንሰለት የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ያቋርጣል። አንደኛው ጫፍ ከሕዋሱ ውጭ፣ ሌላው ጫፍ ከውስጥ ይቀራል።

አነቃቁ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል፦

1. ኤንዛይሙ በተቀባዩ ውጫዊ ጫፍ ላይ የተወሰነ ቦታ ያገኛል። ትሮምቢን በፓር1 ላይ የሚቆርጠው 41ኛው አሚኖ አሲድ አርጂኒን ከ42ኛው ሴሪን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

2. ከቁርጡ በፊት የነበረው ክፍል ተገንጥሎ ይሄዳል። የቀረው ሰንሰለት አዲስ ጫፍ ይኖረዋል። በፓር1 ይህ ጫፍ ሴሪን፣ ፌኒልአላኒን፣ ሉሲን፣ ሉሲን፣ አርጂኒንና አስፓራጂን በሚል ቅደም ተከተል ይጀምራል።

3. አዲሱ ጫፍ ታጥፎ በራሱ ተቀባይ አካል ላይ ይጣበቃል። ከተቀባዩ ጋር ተያይዞ ስለሚቀር «የታሰረ አንቂ» ይባላል።

4. ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጣል፤ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ያሉት ጂ-ፕሮቲኖችም መልእክቱን ይረከባሉ።

ይህ ሂደት ሁለት ውጤቶች አሉት። በመጀመሪያ፣ አንድ የኤንዛይም ሞለኪውል ቆርጦ ስለሚሄድ ብዙ ተቀባዮችን በተከታታይ ሊያነቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተቆረጠ ተቀባይ ተመልሶ ሊገጠም አይችልም። እያንዳንዱ ተቀባይ በዚህ መንገድ የሚነቃው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሕዋሱ እንደገና ምላሽ እንዲሰጥ አዲስ ተቀባይ ወደ ገጹ መምጣት አለበት።

የታሰረው አንቂ ቅደም ተከተል ታውቆ በላቦራቶሪ ሲሠራ፣ አጭሩ ሰንሰለት ያለ ምንም መቁረጥ ተቀባዩን ያነቃል። ይህም የአነቃቁን ሐሳብ ያረጋገጠ ጠንካራ ማስረጃ ሆኗል።

አራቱ ዓይነቶች

ፓር1፦ ዋናው አንቂው ትሮምቢን ነው። በፕሌትሌቶች፣ በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት፣ በነርቭና በሌሎች ሕዋሳት ላይ ይገኛል። ከመቁረጫው ቦታ አጠገብ ትሮምቢንን አጥብቆ የሚይዝ ክፍል ስላለው በጣም አነስተኛ በሆነ የትሮምቢን መጠን ይነቃል። ይህ ክፍል አልቅት ደም እንዳይረጋ ከምታመነጨው ሂሩዲን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል።

ፓር2፦ ትሪፕሲን፣ በማስት ሕዋሳት የሚመነጨው ትሪፕቴዝና አንዳንድ የደም መርጋት ኤንዛይሞች ያነቁታል። ትሮምቢን ግን እንደ ሌሎቹ በቀጥታ አያነቃውም። ትሪፕሲን የሚቆርጠው ከ36ኛው አርጂኒን ቀጥሎ ነው። በአንጀት፣ በሳንባ፣ በቆዳና በስሜት ነርቮች ላይ ይገኛል።

ፓር3፦ በትሮምቢን ይቆረጣል፤ ይሁን እንጂ ብቻውን የሚያስተላልፈው መልእክት ደካማ ነው። በአይጥ ፕሌትሌቶች ላይ ትሮምቢንን ይዞ ለፓር4 በማቅረብ እንደ ረዳት ያገለግላል።

ፓር4፦ በትሮምቢን የሚነቃ ቢሆንም ሂሩዲን የሚመስለው ክፍል ስለሌለው ከፓር1 የበለጠ የትሮምቢን መጠን ይፈልጋል።

በሰው ፕሌትሌቶች ላይ ፓር1 እና ፓር4 አብረው ይሠራሉ። ፓር1 በትንሽ ትሮምቢን ቶሎ ነቅቶ ቶሎ ይጠፋል። ፓር4 ዘግይቶ ይነቃል፤ መልእክቱ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ፕሌትሌቱ ለትንሽ ጭረትና ለትልቅ ቁስል የተለያየ ምላሽ መስጠት ይችላል።

በሕዋሱ ውስጥ የሚከፈቱ መንገዶች

የነቃ ተቀባይ ከአንድ በላይ መንገድ ሊከፍት ይችላል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

የጂ-ኪው መንገድ፦ ፎስፎላይፔዝ ሲ የተባለ ኤንዛይም ይነቃል፤ ከዚያም በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ የነበረ ካልሲየም ይለቀቃል። በፕሌትሌት ውስጥ ይህ ከረጢቶች ይዘታቸውን እንዲያፈሱና ሕዋሳቱ እርስ በርስ እንዲጣበቁ ያደርጋል።

የጂ-12/13 መንገድ፦ ሮ-ኤ የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል። የሕዋሱ ውስጣዊ ክሮች ይኮማተራሉ፤ ሕዋሱ ቅርጹን ይለውጣል። በደም ሥር ሽፋን ላይ በሕዋሳት መካከል ክፍተት ይፈጠርና ፈሳሽ ያፈስሳል።

የጂ-አይ መንገድ፦ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለውን መልእክተኛ ሞለኪውል መጠን ይቀንሳል።

የጂ-ኤስ መንገድ፦ የዚህን ሞለኪውል መጠን ይጨምራል።

የቤታ-አረስቲን መንገድ፦ ተቀባዩን ከጂ-ፕሮቲን ከማለያየት አልፎ ሌሎች ፕሮቲኖችን በዙሪያው ይሰበስባል። በፓር2 ላይ ለምሳሌ ኢ.አር.ኬ. የተባለውን ኤንዛይም ከኑክሊየስ ውጭ ይዞ ያቆየዋል፤ በዚህ ምክንያት ኤንዛይሙ የጂኖችን ሥራ ከመለወጥ ይልቅ በሕዋሱ እንቅስቃሴ ላይ ይሠራል።

አንድ ተቀባይ ከእነዚህ መንገዶች የተወሰኑትን ብቻ መርጦ ሲከፍት አድሏዊ መልእክት አስተላለፍ ይባላል።

አንድ ተቀባይ፣ ተቃራኒ ምላሾች

የፓር1 ምሳሌ

ትሮምቢን በደም ሥር ሽፋን ላይ ያለውን ፓር1 ከ41ኛው አርጂኒን ቀጥሎ ሲቆርጠው የጂ-ኪውና የጂ-12/13 መንገዶች ይከፈታሉ። ሕዋሳቱ ይኮማተራሉ፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ የብግነት ምላሽም ይጀምራል።

የነቃ ፕሮቲን ሲ የተባለው ኤንዛይም በተቃራኒው ደም ከመጠን በላይ እንዳይረጋ የሚከላከል ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ ኤንዛይም በደም ሥር ሽፋን ላይ የሚሠራው በዚያው በፓር1 አማካይነት መሆኑን አሳየ። ይህ ከባድ ጥያቄ አስነሣ። ሁለቱ ኤንዛይሞች አንድን ተቀባይ እየቆረጡ አንደኛው ጎጂ፣ ሌላው ጠባቂ የሚሆነው እንዴት ነው?

ከመልሱ ዋናው ክፍል በ2012 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የነቃ ፕሮቲን ሲ ፓር1ን ከ46ኛው አርጂኒን ቀጥሎም ይቆርጣል። ልዩነቱ አምስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ቢሆንም የሚገለጠው ጫፍ ሌላ ነው፤ አስፓራጂን፣ ፕሮሊንና አስፓራጂን ብሎ ይጀምራል። ይህ ጫፍ የቤታ-አረስቲን መንገድን ይመርጣል። ራክ1 የተባለው ፕሮቲን ይነቃል፣ በሕዋሳት መካከል ያለው መገጣጠሚያ ይጠብቃል፣ የሕዋስ ሞትም ይቀንሳል።

ማትሪክስ ሜታሎፕሮቴዝ-1 የተባለ ሌላ ኤንዛይም ደግሞ ከ39ኛው አሚኖ አሲድ ቀጥሎ ይቆርጣል። የሚገለጠው ጫፍ ከትሮምቢኑ በሁለት አሚኖ አሲድ ይረዝማል። ይህ አነቃቅ በጡት ካንሰር ሕዋሳት መስፋፋት ላይና በፕሌትሌቶች ላይ ተጠንቷል።

የፓር1 መቁረጫ ቦታዎች በአጭሩ፦

- ከ39ኛው ቀጥሎ፦ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቴዝ-1
- ከ41ኛው ቀጥሎ፦ ትሮምቢን፤ የደም መርጋትና የብግነት ምላሽ
- ከ46ኛው ቀጥሎ፦ የነቃ ፕሮቲን ሲ፤ ሕዋስን የመጠበቅ ምላሽ

የፓር2 ምሳሌ

ትሪፕሲን ፓር2ን ሲቆርጥ ካልሲየም ይለቀቃል፣ ቤታ-አረስቲንም ይሰበሰባል፤ ተቀባዩ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጣው ኢላስቴዝ ግን በሌላ ቦታ፣ ከ66ኛው አሚኖ አሲድ ቀጥሎ ይቆርጣል። በዚህ ጊዜ ካልሲየም አይለቀቅም፤ ተቀባዩም እንደ ትሪፕሲኑ ወደ ውስጥ አይገባም። የሮ መንገድ ግን ይከፈታል። ካቴፕሲን ኤስ የተባለው ሦስተኛ ኤንዛይም ከ56ኛው ቀጥሎ ቆርጦ የጂ-ኤስን መንገድ ይከፍታል። ሦስቱም መንገዶች በስሜት ነርቮች ላይ ብግነትና ሕመም ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ማክሸፍ

ሁሉም መቁረጥ ማንቃት አይደለም። ኤንዛይሙ ከታሰረው አንቂ በታች ከቆረጠ አንቂው ራሱ ተቆርጦ ይጠፋል። ኢላስቴዝ ፓር2ን ከቆረጠ በኋላ ትሪፕሲን ቢመጣ የተለመደውን ምላሽ አያገኝም። ስለዚህ ቁስል ወይም ብግነት ባለበት ቦታ ብዙ ኤንዛይሞች ሲገኙ ቀድሞ የደረሰው የተቀባዩን ቀጣይ ሁኔታ ይወስናል።

ምላሹን የሚወስኑ ሌሎች ነገሮች

የተቆረጠበት ቦታ ብቻውን ሁሉንም አይወስንም።

ረዳት ፕሮቲን፦ የነቃ ፕሮቲን ሲ ፓር1ን በሚገባ የሚቆርጠው የፕሮቲን ሲ ተቀባይ ከተባለ ረዳት ጋር ሲጣበቅ ነው። ይህ ረዳት በፕሮቲን ሲ ከተያዘ ትሮምቢን ራሱ እንኳ ጠባቂ ምላሽ ሊያስነሣ እንደሚችል በሕዋስ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል።

የተቀመጠበት ቦታ፦ በሕዋስ ሽፋን ላይ ካቪዮላ የተባሉ በኮሌስትሮል የበለጸጉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። የነቃ ፕሮቲን ሲ ጠባቂ መልእክት እነዚህን ይፈልጋል።

ጥምረት፦ ሁለት ተቀባዮች ተጣምረው ሊሠሩ ይችላሉ። የፓር1 የታሰረ አንቂ አጠገቡ ባለው ፓር2 ላይ ተጣብቆ ሊያነቃው ይችላል። ስለዚህ ትሮምቢን ፓር2ን በቀጥታ ባይቆርጥም በተዘዋዋሪ መንገድ ያዝዘዋል።

የሕዋሱ ዓይነት፦ አንድ ዓይነት መልእክት በፕሌትሌት ውስጥ መጣበቅን፣ በደም ሥር ሽፋን ውስጥ መኮማተርን፣ በነርቭ ውስጥ ሕመምን ያስከትላል።

የዘር ልዩነት፦ በፓር4 120ኛ ቦታ ላይ አንዳንድ ሰዎች አላኒን፣ ሌሎች ትሬዮኒን አላቸው። ትሬዮኒን ያለው ዓይነት በፕሌትሌት ላይ ይበልጥ ብርቱ ምላሽ ይሰጣል። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ዓይነት የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከነጮች ይልቅ በብዛት ተገኝቷል።

መልእክቱ እንዴት ይቆማል

የታሰረው አንቂ ከተቀባዩ ተለይቶ ስለማይሄድ፣ ሕዋሱ መልእክቱን የሚያቆምበት ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል። የነቃው ተቀባይ ውስጣዊ ጫፍ ላይ ፎስፌት ይለጠፋል፤ ቤታ-አረስቲን መጥቶ ከጂ-ፕሮቲን ያለያየዋል። ከዚያ ተቀባዩ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይገባና ላይሶዞም በተባለው የሕዋስ ክፍል ይፈጫል። ሌሎች ብዙ ተቀባዮች ታድሰው ወደ ገጹ ሲመለሱ እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለሱም። የሚተኳቸው በሕዋሱ ውስጥ በመጠባበቂያ የተቀመጡ ወይም አዲስ የተሠሩ ተቀባዮች ናቸው።

ወደ ውስጥ መግባት ሁልጊዜ ዝምታ ማለት አይደለም። በስሜት ነርቮች ውስጥ ፓር2 በከረጢት ውስጥ ሆኖም መልእክት ማስተላለፉን እንደሚቀጥልና ይህም ለረጅም ሕመም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተገልጿል።

በጤናና በበሽታ

የደም ሥር፦ የፓር1 ጂን የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ግማሽ ያህሉ በእርግዝናው አጋማሽ ይሞታሉ። ይህ ተቀባዩ ከደም መርጋት በተጨማሪ ለደም ሥር ዕድገት እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

የልብ ድካምና ስትሮክ፦ በደም ቧንቧ ውስጥ የተከማቸ ስብ ሲሰነጠቅ ትሮምቢን ይመረታል፤ ፕሌትሌቶችም ይነቃሉ። የሚፈጠረው የረጋ ደም ወደ ልብ ወይም ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ሊዘጋ ይችላል።

ማሳከክ፦ ሙኩና የተባለው ሐረግ ፍሬ ላይ ያለው ፀጉር ቆዳ ሲነካ ኃይለኛ ማሳከክ ያስከትላል። በፀጉሩ ውስጥ ያለው ፕሮቴዝ ፓር2ንና ፓር4ን ያነቃል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ቪ8 በተባለ ፕሮቴዙ በነርቭ ላይ ያለውን ፓር1 ቆርጦ ማሳከክ እንደሚያስነሣ በአይጥ ላይ ታየ።

አለርጂ፦ በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጯቸው አንዳንድ ፕሮቴዞች በመተንፈሻ አካል ሽፋን ላይ ያለውን ፓር2 ያነቃሉ።

መድኃኒቶች

ቮራፓክሳር

ቮራፓክሳር በፓር1 ላይ ተጣብቆ የታሰረው አንቂ እንዳይገባ የሚከለክል በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። የተሠራው ሂምባሲን ከተባለ የአውስትራሊያ ዛፍ ቅርፊት ከሚገኝ ንጥረ ነገር በመነሣት ነው። 26,449 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከዚህ በፊት የልብ ድካም ወይም ሌላ የደም ቧንቧ በሽታ በነበራቸው ሰዎች ላይ አዲስ የልብ ድካም፣ ስትሮክና በእነዚህ የሚመጣ ሞት ቀንሷል። ከባድ የደም መፍሰስ ግን ጨምሯል፤ በተለይ ስትሮክ ይዟቸው በሚያውቅ ሰዎች ላይ በአንጎል ውስጥ መድማት ታይቷል። መድኃኒቱ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ ስትሮክ ኖሯቸው ለሚያውቁ ሰዎች እንዳይሰጥ ተከልክሏል።

ቮራፓክሳር ሁሉንም የፓር1 መንገዶች ስለሚዘጋ ጠባቂውን መልእክት ከጎጂው አይለይም። ስለዚህ ፓርሞዱሊን የተባሉ ውህዶች ትኩረት አግኝተዋል። እነዚህ ተቀባዩን ከሕዋሱ ውስጥ በኩል ይዘው የተወሰኑ መንገዶችን ብቻ ለመዝጋት የታሰቡ ናቸው።

የነቃ ፕሮቲን ሲ

በላቦራቶሪ የተሠራ የነቃ ፕሮቲን ሲ በ2001 እ.ኤ.አ. ለከባድ ሴፕሲስ ተፈቅዶ ነበር። ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ራሱን መልሶ ሲጎዳ የሚከሰት ለሞት የሚያደርስ ሁኔታ ነው። በመጀመሪያው ትልቅ ጥናት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት መድኃኒቱን ከወሰዱት 24.7 በመቶ፣ ካልወሰዱት 30.8 በመቶ ነበሩ። በኋላ በተደረገ ሌላ ጥናት ግን ቁጥሩ 26.4 እና 24.2 በመቶ ሆነ፤ መድኃኒቱ ጥቅም አላሳየም። በ2011 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ። መድኃኒቱ ደም የማቅጠን ኃይልም ስለነበረው የደም መፍሰስ ዋና ጉዳቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተመራማሪዎች ሐሳብ ሁለቱን ሥራዎች ማለያየት ሆነ። 3ኬ3ኤ የተባለው የተሻሻለ ዓይነት ሦስት ላይሲኖች በአላኒን ተተክተውበታል። ደም የማቅጠን ኃይሉ አብዛኛው ጠፍቶ በፓር1 ላይ ያለው ጠባቂ ሥራ ቀርቷል። በስትሮክ ሕሙማን ላይም ሙከራ ተደርጎበታል።

የምርምር አስቸጋሪነት

እነዚህን ተቀባዮች ማጥናት የራሱ ፈተናዎች አሉት። የአይጥ ፕሌትሌቶች ፓር1 የላቸውም፤ በምትኩ ፓር3 እና ፓር4 አላቸው። ስለዚህ በሰው ፕሌትሌት ላይ ፓር1ን የሚዘጋ መድኃኒት ለደም መርጋት ያለው ውጤት በተለመደው አይጥ ላይ ሊለካ አይችልም።

በላቦራቶሪ የሚሠሩት አጫጭር አንቂ ሰንሰለቶችም ወሰን አላቸው። የፓር1ን ጫፍ የሚመስለው ሰንሰለት ፓር2ንም ያነቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ሰንሰለት የሚወክለው አንድ የመቁረጫ ቦታ ብቻ ነው፤ በትሮምቢን ጫፍ የተገኘ ውጤት ስለ ነቃ ፕሮቲን ሲ አይናገርም። በዚህም ምክንያት አንድ ጥናት «ፓር1 ነቅቷል» ሲል የትኛው ኤንዛይም፣ በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ሕዋስ ላይ እንደቆረጠው አብሮ መታየት አለበት።